በኮሌጅ ቤተ መዛግብት ኢንተርንሺፕ ልትወጡ ነው? ከትብብር ደብዳቤው እስከ ርክክቡ

ኢንተርንሺፕ ሲባል ለሁሉም ሰው የሚታየው ባንክ ነው። ካልሆነ ቴሌ፣ ካልሆነ አንድ ኤንጂኦ። እኔ የወጣሁት እዚሁ ጎንደር፣ አንድ ኮሌጅ ላይብረሪ ውስጥ፣ ከንባብ አዳራሹ ጀርባ ባሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ነበር። በሩ ላይ "ቤተ መዛግብትና ልዩ ስብስብ" ይላል፤ ሠራተኛው ግን "ያቺ ጓዳ" ነው የሚላት። ጓደኞቼ "አቧራ ልትጠርጊ?" ብለው ሳቁብኝ። አልተሳሳቱም። የመጀመሪያውን ሳምንት አቧራ ጠረግሁ።

8 ሳምንት ቆይቼ ስወጣ 31 ቦክስ ፋይል ዝርዝር ወጥቶላቸው ነበር። አሁን አንድ ሰው መጥቶ "የ1962 የመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ" ቢል ይገኛል። በፊት ወረቀቱ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም ነበር። ዘንድሮ ለመውጣት ላሰባችሁ ያየሁትንም የተሳሳትኩትንም በተራ ልጻፍላችሁ።

ቦታውን መያዝ

ይሄኛው አጭር ነው። ከዲፓርትመንታችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው ላይ "በላይብረሪ" ብቻ ከተባለ መጽሐፍ ማዋሻው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያስቀምጧችሁ፤ ስለዚህ "በቤተ መዛግብትና ልዩ ስብስብ ክፍል" ተብሎ ይጻፍ። ከደብዳቤው በፊት ግን በአካል ሄዳችሁ ኃላፊውን አናግሩ፣ ጠዋት ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ታሪክ ወይም ኢንፎርሜሽን ሳይንስ መማር ግዴታ አይደለም። አብራኝ የነበረችው ልጅ አካውንቲንግ ነበረች፣ የድሮ የሒሳብ መዝገብ ሲወጣ እሷ ስታነብ እኔ አፌን ከፍቼ ነበር የማያት። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ልጅ ካገኙማ አይለቁትም።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ። ስትወጡ ምን እንደምታስረክቡ በአንድ መስመር ይጻፍ። "ክፍሉን መርዳት" ከተባለ ፎቶ ኮፒ ስታነሱ ሁለት ወሩ ያልቃል። "የ30 ቦክስ ፋይል ዝርዝር አውጥቶ ማስረከብ" ከተባለ ግን ማንም ሻይ አምጡ ሲላችሁ የምትጠቁሙት ነገር አላችሁ።

ይዛችሁ የምትሄዱት

ሦስት ለስላሳ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስክ፣ ሜትር፣ ጋወን፣ ጸጉሩ ለስላሳ የሆነ አዲስ የቀለም ብሩሽ፣ እና ያረጀ ግን የታጠበ ጋቢ። ጋቢው ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

እስክሪብቶ የለም። ክፍሉን ለብዙ ዓመት የያዙት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን እስክሪብቶ አዩና "አንቺ ልጅ፣ ያንን መርዝ ወደ ቦርሳሽ" አሉኝ። እርሳስ በላጲስ ይለቃል፣ የእስክሪብቶ ቀለም አይለቅም። ቡና፣ ውኃ፣ ቆሎ ከውጭ ይቀራል። ቆሎው የሚከለከለው በእናንተ ሳይሆን በአይጧ ምክንያት ነው።

ስለ ጓንት ሰው ብዙ ይጠይቀኛል። ፊልም ላይ ነጭ ጓንት ስላዩ ነው። ለወረቀትና ለብራና በሳሙና ታጥቦ በደንብ የደረቀ ባዶ እጅ ይሻላል፣ የጨርቅ ጓንት ጣትን ያደነዝዝና ቅጠሉን (አንዱን ሉህ) ያስቀድዳል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶና ለኔጋቲቭ ነው፤ የጣት ወዝ እዚያ ላይ አሻራ ሆኖ ይቀራል። ሎሽን ተቀብታችሁ አትምጡ።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ እጅ ወደ ኪስ

ገብታችሁ ወዲያው ማስተካከል ያምራችኋል። አታስተካክሉ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሩና ለእያንዳንዱ ሣጥን ጊዜያዊ ቁጥር ስጡ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፣ ከፍታችሁ ውስጡ ያለውን በአንድ መስመር ጻፉ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓመት ያዙ፣ ጉዳት ካለ ምልክት አድርጉ፣ ስፋቱን በሴንቲሜትር ለኩ። ለአንድ ሣጥን ከ10 ደቂቃ በላይ አትፍጁ። ማንበብ ከጀመራችሁ አለቀላችሁ፤ እኔ አንድ የተማሪዎች የአቤቱታ ደብዳቤ ስለ ምግብ ቤት ወጥ መቅጠን ሳነብ ግማሽ ቀን በላሁ።

ግድግዳውንም እዩ። ጎንደር ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ቀልድ አያውቅም፣ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚውለው ክረምት ላይ ነው። የውኃ መስመር፣ የሻጋታ ሽታ፣ ከወለሉ ወደ ላይ የወጣ ቀጭን የጭቃ መንገድ ፈልጉ። ያ የጭቃ መንገድ ምስጥ ነው፣ በዚያው ቀን ለኃላፊው ንገሩ። ወለል ላይ የተቀመጠ ሣጥን ካለ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከፍ በሚል ነገር ላይ አውጡት፣ ከውጭው ግድግዳም አርቁት። ሻጋታ ያለበትን ወረቀት በብሩሽ አትንኩ፤ ዱቄቱ ወደ ሌላው ይበተናል፣ ወደ ሳንባችሁም ይገባል። ለይታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡና ኃላፊው ይወስን።

ቅደም ተከተሉን አታፍርሱ

ይሄኛው የኔ ኃጢአት ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ ወፍራም ፋይል ከፈትኩ። ደብዳቤው ከላይ ወደ ታች ዓመቱ የተዘበራረቀ መሰለኝ። ጎበዝ ልሁን ብዬ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ከአሮጌው ወደ አዲሱ በቀን ደረደርኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ኮርቼ ለጋሼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ገለጡት፣ ገለጡት፣ ከዚያ "አሁን ይሄን ማን ይመልሰው?" አሉ።

ፋይሉ አልተዘበራረቀም ነበር። የዚያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንድን ጉዳይ ከነመልሱ፣ ከነአባሪው፣ ከነቃለ ጉባኤው አንድ ላይ አስሮ ነው ያስቀመጠው። እኔ ጥያቄውን ከመልሱ ለያየሁት። ደብዳቤው ብቻውን "በቁጥር እንዲህ በጻፋችሁልን መሠረት" ሲል ምን እንደተጻፈለት ማን ያውቃል?

የመለስነው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የደብዳቤ ቁጥር ነው፣ መልሱ ላይ የጥያቄው ቁጥር ይጠቀሳል። ሌላው ዝገት። ወረቀቶቹን ያያያዘው ስፒል ዝጎ ግራ ጥግ ላይ ቡናማ ነጥብ ጥሎ ነበር፣ ነጥቡም ከወረቀት ወደ ወረቀት አንድ ቦታ፣ አንድ ቅርጽ ነው። መስኮት ላይ አስደግፈን ነጥቡን ከነጥቡ እያገጣጠምን አንድ ሳምንት ሙሉ ተቀመጥን። የቤተ መዛግብት ሰዎች በመማሪያ መጽሐፍ "ምንጭንና የመጀመሪያ ቅደም ተከተልን ማክበር" የሚሉትን እኔ በዝገት ነው የተማርኩት። የዲኑ ቢሮ ወረቀት ከዲኑ ቢሮ ጋር፣ የነርሲንጉ ከነርሲንጉ ጋር ይቆያል፤ ርእሱ ስለተመሳሰለ አይቀላቀልም። አንድ ፋይል በርግጥ ተበታትኖ ከሆነ እንኳ መጀመሪያ የነበረበትን በስልክ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ንኩ።

ማጽዳት

በብሩሹ ከመጽሐፉ መሐል ወደ ውጭ ጥረጉ፣ በቀስታ። እርጥብ ጨርቅ የለም። የስቴፕለር ሽቦ ስታወጡ በመንቀያው አትጎትቱ፤ ወረቀቱን ገልብጡና ሁለቱን እግሮቹን በቀጭን ነገር አቃንታችሁ በፊት ለፊት አውጡ። ላስቲክ ሲደርቅ ወረቀት ላይ ይጣበቃል፣ እሱን በጥጥ ክር ተኩ። የተቀደደ ካለ በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላል። ላሚኔትማ በጭራሽ። ፒያሳ ሄዶ በጥቂት ብር ማስለበጥ ቀላል ነው፣ አንድ ጓደኛችንም በቅንነት አስቦት ነበር፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ጋር ስለሚያዋህደው መመለሻ የለውም። የተቀደደውን በንጹሕ ወረቀት አጥፋችሁ "የተቀደደ" ብላችሁ በእርሳስ ጻፉና እለፉ።

ዝርዝር ማውጣት፦ ዋናው ሥራ

አይሳድ ጂ (ISAD(G)) የሚባል፣ መዛግብት በዝርዝር ላይ እንዴት እንደሚገለጹ የሚናገር ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። 26 መስኮች አሉት፣ ስድስቱ ግን የግድ ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ ያዘጋጀው አካል፣ ዘመን፣ መጠን፣ እና የአገላለጽ ደረጃ (ሙሉ ስብስቡን ነው፣ አንድ ፋይል ነው ወይስ አንዲት ወረቀት የምትገልጹት)። በኤክሴል ስድስት ዓምድ አውጡ። ሌላው ይደርሳል። ለኢንተርን በፋይል ደረጃ መግለጽ ይበቃል፤ እያንዳንዷን ደብዳቤ ልዘርዝር ካላችሁ ተመርቃችሁም አትጨርሱ።

ርእስ ስትሰጡ "ልዩ ልዩ" አትበሉ። "ልዩ ልዩ" ማለት "አላነበብኩትም" ማለት ነው። "ከጤና ጣቢያዎች ጋር የተደረጉ የመድኃኒት ጥያቄ ደብዳቤዎች" በሉ።

አሁን ወደ ቀን እንምጣ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ 3/5/1962 የሚል ቀን አገኘሁ እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 3 ቀን 1962 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 11 ቀን 1970። የጻፈው አውሮፓዊ መምህር ከሆነ ሜይ 3 ቀን 1962 ይሆናል። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ ወሩን ስለሚያስቀድም ማርች 5። አንድ ቀን ሦስት ቦታ፣ ልዩነቱ ወደ 8 ዓመት! ጎንደር ላይ ይሄ ሁሌ ያጋጥማል፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ የውጭ ሰዎችና የእኛ ሰዎች እዚሁ ከተማ ጎን ለጎን ሲጻጻፉ ኖረዋል።

ታዲያ እንዴት ይለያል? መጀመሪያ ጎረቤቶቹን እዩ፣ ከላይና ከታች የታሰሩት ደብዳቤዎች ቀን ምን ይላል። ቀጥሎ የደብዳቤውን ራስጌ። "በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት" ካለ የንጉሡ ዘመን ነው። "ጎንደር ክፍለ ሀገር" ካለ ደርግ ገብቷል። "ክልል 3" (የዛሬው አማራ ክልል) ካለ 1980ዎቹ ውስጥ ናችሁ። "ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ" የሚል ማኅተም ከ1954 ዓ.ም. በፊት ሊመታ አይችልም፣ ስሙ ያኔ ነው የመጣው። ግርጌው ላይ "ኢትዮጵያ ትቅደም" ካለ ከ1966 መጨረሻ ወዲህ ነው። ሰላምታው ብቻውን ዘመን ይነግራል፤ "ጓድ" እና "ክቡር" አንድ ቢሮ ውስጥ አይኖሩም።

ስትመዘግቡ የወረቀቱን ቀን እንዳለ ጻፉ፣ ጎኑ ላይ የቀየራችሁትን አስቀምጡ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን በጭራሽ አትዝለሉ። የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትደምራላችሁ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ትደምራላችሁ። ወሩ ካልታወቀ 1962 ዓ.ም. ብላችሁ 1969/70 ጻፉ። የበጀት ዓመት ከሆነ ተጠንቀቁ፣ እሱ ሐምሌ 1 ነው የሚገባው፤ "የ1962 በጀት" የሚለው ሰነድ በ1961 ሐምሌ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

የሰው ስምም ጣጣ አለው። የእኛን ሰው በራሱ ስም መዝግቡ፣ አባቱን ወደ ፊት አታምጡ። የውጭውን በቤተሰብ ስሙ። ሆሄውስ? ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለኮምፒዩተር ሦስት ሰዎች ናቸው። ጎንደርና ጐንደርም እንደዚያው። ርእሱ ላይ ሰነዱ እንደጻፈው ተዉት፣ ሌላ "መፈለጊያ" የሚባል ዓምድ ጨምሩና እዚያ አንድ ዓይነት ሆሄ ብቻ ተጠቀሙ። የትኛውን እንደመረጣችሁ የፋይሉ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉ። ይሄን ያደረገችው የአካውንቲንጓ ልጅ ናት፣ እኔ አላሰብኩትም።

ብራና ካጋጠማችሁ

ሁሉም ኮሌጅ ብራና የለውም። ካለው ብቻችሁን አትክፈቱት፣ ኃላፊው ይኑር፣ የሚያነብ መሪጌታ ካለም ይጠራ። ጋቢው የሚያስፈልገው አሁን ነው። ከሁለት ወገን ጠቅልላችሁ እንደ ትራስ አድርጉና መጽሐፉን መሐሉ አስቀምጡት፤ ገበታው (እንጨቱ ሽፋን) በግድ ተዘርግቶ ጠረጴዛ መንካት የለበትም፣ መስፊያው ይበጠሳል። ማኅደሩ (የቆዳ መያዣው) ከጠበበ አትታገሉት።

ገጽ አይቆጠርም፣ ቅጠል ነው የሚቆጠረው፣ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ ተለይቶ። ቁመትና ወርዱን፣ ጽሑፉ በስንት ዓምድ እንደሆነ፣ በአንድ ዓምድ ስንት መስመር እንዳለ ያዙ። የጧፍ ሰም ጠብታ ካለ አትፋቁ፣ መዝግቡት፤ መጽሐፉ ሌሊት ሲነበብበት እንደኖረ የሚነግረን እሱ ነው።

ከምንም በላይ መጀመሪያና መጨረሻ ያሉትን ባዶ ቅጠሎች፣ የዳር የዳሩንም እዩ። ማን እንዳስጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ፣ አንዳንዴም የጉልት መሬት ስጦታና ሽያጭ ሳይቀር እዚያ ይጻፋል። "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ" ብሎ የሚጀምረው የግዝት ቃልም እዚያ ነው፣ የሰረቀውና የፋቀው ማለት ነው። መፋቁን ከስርቆት እኩል ያወገዙት ያለምክንያት አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ አከማችተው ነበር፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ያንን ወሰደው፣ ወደ 350 የሚሆነው ዛሬ ሎንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። አንድ መጽሐፍ የየትኛው ደብር እንደነበረ ዛሬ የምናውቀው ያቺ የባለቤትነት መስመር ካልተፋቀች ነው። ስለዚህ ዝርዝራችሁ ላይ ያቺን መስመር እንዳለች ገልብጧት።

ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለቁ። የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ ለሌባ መንገር ነው። ቅርስ በአዋጅ የተጠበቀ ነገር ነው፣ 209/1992ን አንዴ አንብቡት፣ ረጅም አይደለም።

ስካን

ስካን አድርጉ ሲሏችሁ ዝርዝሩ ካልወጣለት ፋይል አትጀምሩ። ስም የሌለው ስካን ስም ከሌለው ወረቀት ይብሳል፣ ቢያንስ ወረቀቱ ሣጥን አለው። 400 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) በቀለም፣ ዋናው በቲፍ (ጥራት የማይቀንስ ትልቅ የምስል ፋይል)፣ ለአንባቢ የሚሰጠው በጄፔግ (ተጨምቆ ያነሰ)። አንድ ኤ4 ገጽ ሳይጨመቅ ወደ 46 ሜጋባይት ይመጣል፣ 1000 ገጽ 46 ጊጋባይት ነው፤ ፍላሽ ይዛችሁ አትምጡ፣ ሃርድ ዲስክ ጠይቁ። የፋይሉ ስም በቁጥር ብቻ ይሁን፦ ስብስብ፣ ሣጥን፣ ፎልደር፣ ገጽ። 02-014-03-0007 ዓይነት። ዜሮዎቹን አትተዉ፣ አለዚያ ኮምፒዩተሩ 10ን ከ2 በፊት ይደረድርባችኋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። መብራት ሲጠፋ ስካነሩ መሐል ላይ ያቆማል፣ የመጨረሻውን ገጽ ከፍታችሁ እዩ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ያልፋል።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይበቃል፣ የካሜራውን ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ መስኮት አጠገብ፣ ከላይ ቀጥ ብሎ።

የማይወጣ ወረቀት

የጤና ኮሌጅ ከሆነ የበሽተኛ ካርድ ይወጣል። የተማሪ ውጤት፣ የሠራተኛ የዲሲፕሊን ፋይል፣ የሕክምና ቦርድ ውሳኔም ይወጣል። ባለቤቱ ወይም ልጁ ዛሬ ከተማው ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ጎንደር ደግሞ ትንሽ ናት። ለይታችሁ "የተገደበ" ብላችሁ መዝግቡ፣ ርእሱ ላይ ስም አትጻፉ፣ ስካን አታድርጉ፣ ለኃላፊው አሳልፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ፣ ባይኖርም ግን ነውር ነው። እኔ የጎረቤታችንን እትዬን ስም አንድ ፋይል ላይ አይቻለሁ። ምን እንደሚል ለእናቴም አልነገርኩም።

ርክክብ

የመጨረሻውን ሳምንት አዲስ ሣጥን አትክፈቱ። ዝርዝሩን አትሙ፣ አንዱን በሩ አጠገብ ስቀሉ፣ አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ። የሠራችሁትንና ያልሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ፤ "ከሣጥን 32 ጀምሮ አልተነካም፣ ሣጥን 9 ሻጋታ አለበት" ዓይነት። ለዲፓርትመንታችሁ የምትጽፉት ሪፖርት ሌላ ነው፣ ከሎግ ቡካችሁ ይወጣል፣ እሱ ላይ ብዙ አትድከሙ።

ከመውጣታችሁ በፊት ክፍሉን ረግጦ የማያውቅ ጓደኛ ጥሩ። ዝርዝሩን ብቻ ስጡትና ሦስት ነገር እንዲያመጣ ጠይቁት፣ እናንተ አፋችሁን ዝጉ። እኔ አንዱን ከእነዚያ ከሳቁብኝ ጠራሁት። ሁለቱን ወዲያው አመጣ። ሦስተኛውን 20 ደቂቃ ፈልጎ አጣው፣ ሣጥን 13 ያልኩት 31 ላይ ነበር። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩና እርሳሳቸውን አቀበሉኝ።